የማትፈልጉትን የቤት ዕቃ ለበጎ አድራጎት ስትሰጡ፦ ደረጃ በደረጃ

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ቤቴን እያጸዳሁ ነው። የማልፈልገው ዕቃ ተከምሯል። መጣሉ ያሳዝነኛል፤ ለተቸገረ ሰው መስጠት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ለሁላችሁም እዚህ በዝርዝር ላስቀምጠው።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ዕቃው ለእናንተ ትርፍ ስለሆነ ብቻ ለሌላው ይጠቅማል ማለት አይደለም። የሚቀበለው ሰው ዛሬ ወስዶ ነገ ጠዋት ሊጠቀምበት ይገባል። ሳያጥበው፣ ሳያስጠግነው፣ የጎደለውን ሳይገዛለት። የተበላሸ ዕቃ ድርጅቱ ጋ ሲደርስ የሚለየው ሰው ይፈልጋል፤ የሚያስወግዱበት ገንዘብም ይወጣል። ያ ገንዘብ ለተረጂ የታሰበ ነበር። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተጻፉት ይህ እንዳይሆን ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጠንካራ ካርቶኖች፤ ለመጽሐፍና ለሰሃን ትንንሽ፣ ለልብስና ለብርድ ልብስ ትልልቅ
- ውስጡን የሚያሳይ ትልቅ ፌስታል
- ሰፊ ስኮች፣ መቀስ፣ ወፍራም ማርከር
- አሮጌ ጋዜጣ ወይም ማንኛውም የማይፈለግ ወረቀት
- ትንንሽ ላስቲኮች፤ ለብሎንና ለቁርጥራጭ ዕቃ
- ካቻቪቴ
- የእጅ ባትሪ
- ጓንት፣ ሳሙና፣ ንጹህ ጨርቅ
- ደብተር፣ ወይም ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ተቀባዩን ፈልጉ

ብዙ ሰው ይህን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ቤቱን ያጸዳል፣ ካርቶኑን ያሽጋል፣ ከዚያ «ማን ይወስድልኛል?» ይላል። ካርቶኑ ኮሪደር ላይ ወራት ይቀመጥና ቀስ በቀስ ተመልሶ ቁም ሳጥን ይገባል። እናንተ ከዚህ ጀምሩ። ተቀባዩ ከታወቀ ምን መለየት እንዳለባችሁም ይታወቃል።

አማራጩ ሰፊ ነው። የሕፃናት ማሳደጊያ፣ የአረጋውያን መርጃ፣ የሴቶች መጠለያ፣ ስደተኞችን የሚረዳ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሃይማኖት ተቋም አለ። ያገለገለ ዕቃ ሸጠው ገቢውን ለእርዳታ የሚያውሉ ሱቆችም አሉ። የአንዱ ፍላጎት ከሌላው ይለያል። ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ከቤት ለወጣች እናት የሚያስፈልጋት አንሶላ፣ ፎጣ፣ ድስትና የልጅ ልብስ ነው፤ የግድግዳ ጌጥ አይደለም። ሰው የማይጠቀምበትን ያረጀ ፎጣ ደግሞ ብዙ የእንስሳት መጠለያዎች በደስታ ይቀበላሉ። ያገለገለ የዓይን መነጽር ካላችሁ በብዙ አገሮች ላየንስ ክለብ የሚባሉ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ይሰበስባሉ።

ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ፦

- አሁን የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው? የማትቀበሉትስ?
- ዕቃው በቀጥታ ለተረጂ ይሰጣል ወይስ ይሸጣል?
- የኤሌክትሪክ ዕቃና ፍራሽ ትወስዳላችሁ?
- በየትኛው ቀንና ሰዓት ላምጣ? ትልቅ ዕቃ ከሆነ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ይወስናል። ዕቃው የሚሸጥ ከሆነ ጌጣጌጥና የአበባ ማስቀመጫም ገንዘብ ያስገኛል። በቀጥታ የሚታደል ከሆነ የዕለት መገልገያው ላይ አተኩሩ። ሦስተኛውን የምትጠይቁት ደግሞ ብዙ ድርጅቶች የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚፈትሽ ባለሙያ ስለሌላቸው ነው።

አደጋ ሲደርስ፣ ለምሳሌ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ ሳይጠየቅ ዕቃ አትላኩ። ማንም ያልጠየቀው የልብስ ክምር መጋዘንና መኪና ይይዛል፤ ለምግብና ለመድኃኒት መግቢያ ያሳጣል። የእርዳታ ሠራተኞች ይህን «ሁለተኛው አደጋ» ይሉታል። በዚያ ጊዜ ገንዘብ ይሻላል። ዕቃው ደግሞ ለሰላሙ ቀን ይቆይ።

ደረጃ 2፦ በዓይነት ሰብስቡና ለዩ

ክፍል በክፍል ከማጽዳት በዕቃ ዓይነት ሂዱ። ዛሬ ብርድ ልብስ ብቻ፣ ነገ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ። ምክንያቱም አንድ ዓይነት ዕቃ በሦስት ክፍል ተበታትኖ ሲኖር ስንት እንዳላችሁ አይታያችሁም። አልጋ ላይ አንድ ላይ ስትከምሩት ግን ምን ያህሉ ትርፍ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

አራት ቦታ መድቡ፦ የሚቀር፣ የሚሰጥ፣ የሚወገድ፣ ያልተወሰነ። ያልተወሰነውን ካርቶን ዘግታችሁ የዛሬን ቀን ጻፉበት። ሦስት ወር ቆይቶ ማንም ካልፈለገው ወደሚሰጠው ይዛወር።

አደራ፣ የሌላውን ሰው ዕቃ ሳታስፈቅዱ አትስጡ። የባለቤታችሁ አሮጌ ጃኬት ወይም የልጃችሁ የተጎሳቆለ አሻንጉሊት ለእናንተ ቆሻሻ ቢመስልም ለባለቤቱ ሌላ ነው። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ልጆች ራሳቸው መርጠው ሲሰጡ ደግሞ የሚያወጡት ብዛት ያስገርማችኋል።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱን ዕቃ በአንድ ጥያቄ ፈትኑ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ይህን ለቅርብ ጓደኛዬ አሁን ባለበት ሁኔታ ብሰጠው አፍራለሁ?» ካፈራችሁ ለድርጅትም አይሆንም። ዝም ብሎ ማሰብ ግን አይበቃም፤ ዕቃውን በእጃችሁ ያዙት፦

- ልብስ፦ ወደ መስኮት ዘርግታችሁ በብርሃን እዩት። ብብት፣ አንገትጌ፣ የሱሪ መቀመጫና ጉልበት ላይ ሳስቷል? ዚፑ እስከ ላይ ይዘጋል? ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው?
- ጫማ፦ ሶሉን ጎንበስ አድርጉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተላቀቀ አይሆንም።
- መጥበሻ፦ የማያስይዘው ሽፋኑ ከተላጠ አይሰጥም። እጀታውን ነቅነቅ አድርጉት።
- የግፊት ድስት፦ የክዳኑ ጎማና የትንፋሽ መውጫው ደህና መሆን አለባቸው። ትንፋሹ ከተደፈነ ሊፈነዳ ይችላል።
- ብርጭቆና ሰሃን፦ ጣታችሁን በጠርዙ ላይ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጣት ያገኘዋል።
- የእንቆቅልሽና የመጫወቻ ሳጥን፦ ቁርጥራጩ መሙላቱን ቁጠሩ።

ስስ ቀዳዳ ያለበት ንጹህ ጥጥ ልብስ ካላችሁ ወዲያው አትጣሉት። ጨርቃ ጨርቅ ለዳግም ጥቅም የሚሰበስቡ አሉ። ግን ለብቻው አስቀምጡት፤ ከሚለበሰው ጋር አትቀላቅሉት።

ደረጃ 4፦ ኪስ፣ መሳቢያና መጽሐፍ ፈትሹ

ይህ ደረጃ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። የኮት ውስጥ ኪስ፣ የቦርሳ የጎን ዚፕ፣ የሻንጣ ገበር፣ የሶፋ መቀመጫ ሥር። መጽሐፍን ጀርባውን ይዛችሁ ወደ ታች አራግፉት፤ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ብር ይወድቃል። መሳቢያን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ከኋላው የወደቀ ወረቀት ካለ እዩ። መታወቂያ፣ የባንክ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ እንዲሁ ሲጓዝ ለማታለያ ይውላል። ስማችሁና ስልካችሁ የተጻፈበት ምልክትም ካለ አንሱት።

ደረጃ 5፦ እጠቡ፣ በደንብም አድርቁ

መታጠቡን ሁሉም ያውቃል። ችግር የሚፈጥረው ማድረቁ ነው። አንድ እርጥብ ካልሲ በታሸገ ፌስታል ውስጥ ከገባ ሻጋታው ሙሉውን ፌስታል ያበላሻል። ልብሱ ደርቋል ብላችሁ ካሰባችሁ በኋላም የወገብ ላስቲኩንና የኪሱን ጨርቅ በእጃችሁ ጨብጡ፤ እርጥበት የሚደበቀው እዚያ ነው።

ትኋን ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ያደገ ትኋን 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዓይን ይታያል። ፍራሽ፣ ሶፋ ወይም አልጋ ከሆነ የእጅ ባትሪ ያዙና በስፌቱ መስመር ላይ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ፣ ቡናማ የተላጠ ቆዳ ወይም ነጭ እንቁላል ካያችሁ ምልክቱ ነው። እንዲህ ያለ ፍራሽና ሶፋ በፍጹም አትስጡ። አንድ ፍራሽ ሙሉ መጠለያ ይበክላል።

ልብስና አንሶላ ግን ይድናል። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጠቡት፣ ከዚያ በማድረቂያ ማሽን ከፍተኛ ሙቀት ላይ ቢያንስ 30 ደቂቃ አቆዩት። ሙቀት የማይችል ዕቃ ከሆነ በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ 4 ቀን አስቀምጡት። ማጠቢያው ለብ ያለ ውኃ ብቻ ከሆነ ትኋኑን ላይገድለው ይችላል።

የወጥ ቤት ዕቃ ላይ ደግሞ ቅባቱን አስለቅቁ፤ የክዳን ጠርዝና የእጀታ ሥር አይረሳ።

ደረጃ 6፦ ስልክ፣ ኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ ዕቃ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ስልክ ስትሰጡ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፦

ሀ. የሚያስፈልጋችሁን ፎቶና ስልክ ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ።
ለ. ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንታችሁ ውጡ። አይፎን ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን፣ የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን፣ አጥፉ።
ሐ. ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ሪሴት አድርጉ፤ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ መልሱት።
መ. ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ አውጡ።

ከአካውንት ሳትወጡ ሪሴት ብታደርጉት ስልኩ ሲከፈት የእናንተን አካውንትና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ለሌባ የተዘጋጀው መቆለፊያ የተረጂውን እጅ ያስራል። ስልኩ ደህና ሆኖ ሳለ ለማንም አይሆንም።

ኮምፒውተር ላይ ፋይል አጥፍቶ ሪሳይክል ቢኑን (የጠፉ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን) ማጽዳት ብዙ ጊዜ መረጃውን አያጠፋውም። የሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁመው መዝገብ ነው፤ ፋይሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። በቀላሉ የሚገኝ ፕሮግራም መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ግቡ፣ ሁሉንም አጥፋ የሚለውን ምረጡ፤ ተጨማሪ አማራጩ ውስጥ ድራይቩን (መረጃው የሚቀመጥበትን ክፍል) የሚያጸዳውን አብሩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ ተዉት። ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ ድራይቩን አስነቅላችሁ እናንተ ጋ አስቀሩ።

ሌላውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰክታችሁ ሞክሩት። ለደቂቃ ሳይሆን ሥራውን እስኪጨርስ። ካውያው ይግላል? ማሞቂያው ውኃ አፍልቶ በራሱ ይጠፋል? ገመዱን ከሶኬት ጫፍ እስከ ዕቃው ድረስ በእጃችሁ ዳብሱት (ነቅላችሁ!)፤ የተላጠ ወይም በስኮች የተጠቀለለ ገመድ ያለው ዕቃ አይሰጥም። ቻርጀሩን፣ ሪሞቱንና መመሪያውን ከዕቃው ጋር እሰሩ። ቻርጀር የሌለው ላፕቶፕ ለሚቀበለው ሰው ሌላ ወጪ ነው።

ፍሪጅ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ ንቀሉት፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡን እጠቡና በሩን ከፍታችሁ አድርቁ። ሲጫን ይቁም። ተኝቶ ከተጓዘ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ማቀዝቀዣው ቱቦ ይሄዳል፤ ወዲያው ከተሰካ ሊበላሽ ይችላል። የግድ ከተኛ አቁመው እስከ 24 ሰዓት ሳይሰኩ እንዲቆዩ ለተቀባዩ ንገሩት።

ደረጃ 7፦ ጠረጴዛ፣ አልጋና ቁም ሳጥን

ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ከዚያ ብሎኖቹን ሁሉ በአንድ ላስቲክ ሰብስባችሁ ከዕቃው ዋና አካል ጋር በስኮች አጣብቁ። በኪሳችሁ አትያዙት። ብሎኑ የጠፋ አልጋ እንጨት ብቻ ነው። የግራና የቀኝ ጎኑን በማርከር ምልክት አድርጉበት። እንጨቱ በምስጥ ወይም በነቀዝ የተቦረቦረ መሆኑን ከሥሩ ገልብጣችሁ እዩ፤ ዱቄት የሚያፈስ ከሆነ ይቅር።

ደረጃ 8፦ አሽጉ

አንድ ካርቶን ከ15 ኪሎ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ካርቶኑን የሚያነሳው ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ አንዳንዴም አዛውንት። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን የሚገባው ለዚህ ነው።

ሰሃንን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልላችሁ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን አቁሙት። አጋድማችሁ ከደረደራችሁት የላይኞቹ ክብደት የታችኛውን ይሰብረዋል። ካርቶኑ ሲነቃነቅ ድምፅ ካሰማ ወረቀት ጨምሩበት።

ጫማን በማሰሪያው ጥንድ ጥንድ እሰሩ። አንሶላና ትራስ ልብስን በአንድ አሽጉና የአልጋውን መጠን ጻፉበት። ልብስን በወንድ፣ በሴት፣ በልጅና በዕድሜ ለዩ። ከውጭ ደግሞ ማንም በሩቅ እንዲያነበው አድርጋችሁ ጻፉ፦ «የልጅ ልብስ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ የታጠበ»። ይህን ሲያይ የሚለየው ሰው ሳይከፍት ወደሚፈለግበት ያሻግረዋል።

ደረጃ 9፦ መዝግቡና አድርሱ

በእያንዳንዱ ካርቶን ምን እንዳለ መዝግቡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ስታስረክቡ ደረሰኝ ጠይቁ። በአንዳንድ አገሮች ለተመዘገበ ድርጅት የተሰጠ ዕቃ ግብር ሲታሰብ ይቀነሳል፤ ያለ ደረሰኝ ግን አይሆንም። ቀኑንም ወዲያው ቁረጡ። የታሸገ ካርቶን በቆየ ቁጥር እየተከፈተ ይጎድላል።

በተባለው ሰዓት ሄዳችሁ ለሰው አስረክቡ። በር ላይ ጥሎ መሄድ አይገባም። ዝናብ ይመታዋል፣ ይበተናል፣ ጠዋት የሚመጣው ሠራተኛ ሥራው ማጽዳት ይሆናል።

ጥንቃቄ፦ እነዚህን አትስጡ

- ያገለገለ የመኪና የልጅ መቀመጫ፣ ታሪኩ በትክክል ካልታወቀ። አንዴ ግጭት ያየ መቀመጫ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ አምራቹ የጻፈው የማብቂያ ጊዜም አለው። የሞተርና የብስክሌት ሄልሜትም እንዲሁ ነው።
- ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋ። ሕፃናት በክፍተቱ ተቀርቅረው ስለሞቱበት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ሽያጩን ከልክላለች።
- የባትሪ ክዳኑ በብሎን የማይዘጋ አሻንጉሊት። እንደ አዝራር ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች።
- መድኃኒት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት እንዳይለገስ ይላል። በቤት ሙቀት እንዴት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። ፋርማሲ ጠይቃችሁ አስወግዱት።
- ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክ ወይም ላፕቶፕ። እሳት ያስነሳል። አትጫኑት፣ አትብሱት፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚሰበስብ ቦታ ውሰዱት።
- የተከፈተ መዋቢያ፣ ያገለገለ የውስጥ ልብስ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቀለምና ኬሚካል።
- አምራቹ ከገበያ የመለሰው ዕቃ። የሞዴል ቁጥሩን ከሥሩ አንብባችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ።

የተለመዱ ስህተቶች

*«ለድሃ ምን አነሰው» ብሎ መስጠት።* የተቸገረ ሰው ሽታና እድፍ አይታየውም ማለት አይደለም። የተቀደደ ልብስ ለብሶ ሥራ ሊጠይቅ የሚሄድ የለም።

*ሁሉንም ለአንድ ድርጅት መጫን።* መጽሐፉን ቤተ መጻሕፍት፣ ፎጣውን የእንስሳት መጠለያ ቢወስደው ሁሉም ቦታውን ያገኛል።

*ወቅቱን አለማየት።* ብዙ ድርጅቶች ማከማቻቸው ጠባብ ነው። ወፍራም ኮት ብርዱ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ደብተርና ቦርሳ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሲደርስ በቀጥታ እጅ ይገባል።

*ጉድለቱን መደበቅ።* የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ይሠራል ግን ይጮኻል? ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። የሚጠግን ሰው ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ይወስዱታል። ሳይነገራቸው ከሆነ ግን ችግሩን የሚያገኘው ተረጂው ቤቱ ካስገባው በኋላ ነው።

*«አንቀበልም» ሲባሉ መቀየም።* ድርጅቱ ቦታውን ያውቃል። «ማን ሊፈልገው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ስልክ ቁጥር ይሰጧችኋል። እዚያም ካልሆነ ፎቶ አንስታችሁ፣ ጉድለቱን ጽፋችሁ፣ «በነጻ» ብላችሁ በሰፈር የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ግሩፕ ላይ አውጡት። የሚወስደውን ሰው ከቤት ውጭ፣ በቀን ብርሃን አግኙት።